ከመነዳሪው በቫልቩ ግርጌ ደጋግሞ የሚቀደደው ለምንድን ነው?

ከባሕር ዳር የጻፉልን አንባቢ የብስክሌታቸው የኋላ ጎማ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደተነፈሰ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጎሚስታ ቤት አስለጥፈው ከጥቂት ቀን በላይ እንዳላገለገላቸው፣ ቫልቩም ወደ አንድ ጎን እንደተጋደመ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። ጎማው 26 በ1.95፣ ቫልቩም እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ ዓይነት ነው።

ከገለጹልኝ ሁሉ ዋናው የቫልቩ መጋደም ነው፤ እሾህም ሆነ ምስማር ቫልቭ አያጋድምም። ስለዚህ ከመነዳሪው፣ ማለትም አየሩን የሚይዘው የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ የሚቀደደው በቫልቩ ግርጌ እንደሆነ፣ መነሻውም ጎማው በቂ አየር ሳይኖረው መነዳቱ እንደሆነ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ጎማውን ነፍተው የቫልቩን አፍ በሳሙና ውኃ ያርጥቡት። አረፋ ከሠራ ችግሩ የውስጠኛው መርፌ ነውና አየሩን ሙሉ በሙሉ ካስወጡ በኋላ መርፌውን በመፍቻው በጥቂቱ ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል። አረፋ ካልሠራ ከመነዳሪውን አውጥተው፣ ትንሽ ነፍተው ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ አየሩ ከቫልቩ ሥር ሲወጣ እንደሚያዩ አልጠራጠርም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዘው የአየሩ ግፊት ነው፤ ሌላ ማሰሪያ የለውም። ግፊቱ ሲያንስ፣ ፍሬን በያዙ ቁጥር ቸርኬው ሲገታ ጎማው በነበረበት ጉልበት ጥቂት ወደፊት ይንሸራተታል፤ ዳገት ላይ ፔዳሉን በኃይል ሲረግጡ ደግሞ ቸርኬው ቀድሞ ይዞርና ጎማው ወደኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ መንሸራተት በዓይን የማይታይ ቢሆንም ይጠራቀማል። ከመነዳሪው ከጎማው ጋር ተጣብቆ አብሮ ሲሄድ ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዞ ስለሚቀር፣ ግርጌው ላይ ያለው ላስቲክ በአንድ ወገን ይለጠጣል፣ በሌላው ይጨማደዳል፣ በመጨረሻም ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይቀደዳል። ቫልቩን ቸርኬው ላይ የሚያስረው ዳዶ በፒንሳ ከተጠበቀ ደግሞ ቫልቩ ፈጽሞ መላወሻ ስለማይኖረው ጉዳቱ ይፈጥናል።

ይህን ቦታ ሦስት ጊዜ መለጠፍ የእርስዎን ገንዘብ ማባከን ነበር። በቫልቩ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ወፍራምና እርከን ያለው በመሆኑ ልጣፉ ተስተካክሎ አይተኛም፤ አንዳንዶች የሚጨምሩበት ሱፐር ግሉ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አዲስ ከመነዳሪ ይግዙ፤ ነገር ግን ቫልቩን በጣትዎ ሲያወዛውዙት ግርጌው ለመላቀቅ የሚዳዳውን ርካሽ ዕቃ ለሻጩ ይመልሱለት። በየሱቁ እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም።

ከመግጠምዎ በፊት የቸርኬውን ቀዳዳ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ስለት ካለው በክብ ሞረድ ያለስልሱት። ቀዳዳው 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለወፍራሙ ቫልቭ ልክ ነው፤ ቀጭኑን ቫልቭ ከገጠሙበት ግን ከመነዳሪው በክፍተቱ ወጥቶ ይቆረጣል። ከመነዳሪው ቅርጽ እንዲይዝ ጥቂት አየር ይስጡት፣ ቫልቩን ቀጥ አድርገው ያስገቡ፣ ጎማውን በካቻቢቴ ሳይሆን በእጅዎ ይመልሱ። ከዚያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ ይህን ካላደረጉ ግርጌው በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል ሊጣበቅ ይችላል።

እባክዎ በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር አያስነፉ። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት በመሆኑ ኮምፕሬሰሩ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ ያሳልፈዋል፤ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ሲፈነዳ ዓይንና ጆሮ ይጎዳል። በእጅ ፓምፕ እስከ ግማሽ ነፍተው ጎማው በሁለቱም ጎን እኩል መቀመጡን ይዩ፣ ከዚያ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳያልፉ ይሙሉ። መንገድ ላይ ቸግሮዎት እንኳ ቢሆን፣ መለኪያ የሌለውን ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ፊትዎንም ወደ ጎማው አያስጠጉ።

ዳዶውን ቸርኬው ላይ አያጥብቁት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ አድርገው ይተዉት። በየሳምንቱ አየሩን ሲሞሉ ቫልቩን ይመልከቱ፤ መጋደም ከጀመረ በጉልበት አይሳቡት፣ አየሩን አስወጥተው ጎማውን በእጅዎ ወደ ቦታው እያዞሩ ያቅኑት።