ኢንጀክተር ተቀይሮም ነዳጅ ሲያጥር

ጥያቄ፦ ባለ 2.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሬ ላይ አየር ወደ ሞተሩ በ0.6 ባር የሚገፋ ሱፐርቻርጀር አስገጥሜ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በደቂቃ 550 ሲሲ በሚረጩ ቀይሬያለሁ። ኮምፒውተሩም ተስተካክሏል። ነዳጁ የተረፈውን ወደ ሳልባትዮው የሚወስድ መላሽ መስመር አለው። እስከ 5000 ዙር የአየርና የነዳጅ ድብልቁ 11.8 ነው (በክብደት ለአንድ እጅ ነዳጅ 11.8 እጅ አየር)፤ ከዚያ በላይ 13.5 ይደርስና ሞተሩ ያንኳኳል። የምፈልገው 250 የፈረስ ጉልበት ነው። 750 ሲሲ ልግጠም?

መልስ፦ አይግጠሙ። ችግሩ እስኪገኝም ሞተሩን ጠንከር አድርገው አይርገጡት፤ በዚህ ጫና 13.5 ፒስተን ያቀልጣል።

እስቲ እናስላው። ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። ለ250 ፈረስ 68 ኪሎ፣ ማለትም 92 ሊትር ያህል ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ለአንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 383 ሲሲ ይደርሰዋል፤ ይህ የ550ው 70 በመቶ ነው። እስከ 80 በመቶ ድረስ ስጋት የለም።

ነገር ግን 550 የሚባለው በሬይሉ (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) እና በማኒፎልዱ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት) መካከል የ3 ባር የግፊት ልዩነት ሲኖር ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ 0.6 ባር ሲገባ ሬይሉ 3.6 መድረስ አለበት። 2.9 ላይ ከቀረ ልዩነቱ 2.3 ይሆናል፤ የሚረጨው ነዳጅም ከመቶ 12 ያህል ይቀንሳል። 11.8 የነበረው ድብልቅ ያኔ 13.5 ይሆናል። የእርስዎው ቁጥር ማለት ነው።

ስለዚህ ግፊቱን ይለኩ። ጌጁን በነዳጅ ቱቦ ከሬይሉ አውጥተው በፊት መስታወቱ ውጭ በኩል ይሰሩት፤ ቤንዚን የያዘ ጌጅ ወደ ጋቢና አይገባም። ዳይኖ (መኪናው ቆሞ የሞተሩ ጉልበት የሚለካበት ማሽን) ከተገኘ የተሻለ ነው። ግፊቱ ከ3.0 ካልተነሳ የሬጉሌተሩ (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ቀጭን ቱቦ ተነቅሏል፣ ያፈሳል፣ ወይም ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ተሰክቷል። ቱቦው መነሳት ያለበት ኢንጀክተሮቹ ከሚረጩበት ማኒፎልድ ነው፤ ሁለቱንም ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ግፊቱ እስከ 5000 ዙር ወጥቶ ከዚያ ከወረደ ደግሞ ፓምፑ፣ ፊልትሮው ወይም ኤሌክትሪኩ ነው። የእርስዎ ምልክት ይህንን ይመስላል።

ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን የፓምፑ ሶኬት ላይ ያድርጉ። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ካለና ፓምፑ ዘንድ ከ0.5 በላይ ከጎደለ ሽቦው ቀጥኗል ማለት ነው። ከባትሪው በ20 አምፔር ፊውዝና በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቀስ ማብሪያ) አድርገው 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሳቡ፤ የድሮው ሽቦ ሪሌዩን ብቻ ይቀስቅስ። አብዛኛው ሰው ፖዘቲቩን ቀይሮ ኔጋቲቩን ይረሳል። እሱም እኩል ውፍረት ይኑረው።

ፓምፑን መቀየር ግድ ከሆነ በ3.6 ባር ቢያንስ በሰዓት 120 ሊትር የሚሰጥ ይምረጡ፤ 255 ሊትር ተብሎ የሚሸጠው ከበቂ በላይ ነው። ሳልባትዮው ውስጥ የሚገባው አጭር ቱቦ 30አር10 (30R10) የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆን አለበት። ተራ የነዳጅ ቱቦ ቤንዚንን የሚችለው በውስጡ ሲያልፍ ነው፤ ሲነከር አብጦ ይሰነጠቃል፣ ግፊቱም ልክ አሁን እንደሚያዩት ከፍ ባለ ዙር ይወርዳል። አዲስ ፓምፕ ገጥመው ወር ሳይሞላ ችግሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህች ቱቦ ናት።

መስመሩን ከመፍታትዎ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ እስኪጠፋ ያሠሩት፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ሲጨርሱ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሬጉሌተሩን ቀጭን ቱቦ ነቅለው ጌጁን ይዩ፤ 3.0 መሆን ሲገባው 3.4 ካሳየና ሬጉሌተሩን ሲያላሉ ካልወረደ፣ መላሹ መስመር ለአዲሱ ፓምፕ ጠቦታል።

ግፊቱ በትክክል 3.6 ሆኖ ድብልቁ አሁንም ከቀጠነስ? ያኔ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱ። በተለይ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ ከፋብሪካ የመጣው ባለ 1 ባር ከሆነ ሱፐርቻርጀሩ የሚጨምረውን ግፊት ማንበብ አይችልም።

ሞተሩ አንኳኩቶ ስለነበር ካንዴላዎቹንም ያውጡና ነጩን ሸክላ በባትሪ መብራት ይዩት። ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካሉበት አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስተኑ የመጣ። እንዲህ ከሆነ ኮምፕሬሽን ሳይለኩ ሞተሩን አያስነሱ።