ዳንቴል ልሠራ ቆብ ወጣኝ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዘመድ ልጆችና የድሮ ባልደረቦቼ ልጆች ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ደመወዝ፣ ማስተርስ ይሻላል ወይስ ሥራ። ከ1976 እስከ 2014 ዓ.ም. ሒሳብ ክፍል ስለተቀመጥኩ ለሁሉም መልስ ያለኝ ይመስላቸዋል። ዛሬ ግን ስለዚያ አልጽፍላችሁም። ስለ ኪሮሽ፣ ስለ ገንፎና ስለ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው የምጽፍላችሁ።

«ባለሙያ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ማለት ተምሮ የተቀጠረ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ባለሙያ የምትባለው ወጧ የሚጣፍጥ፣ የእንጀራዋ ዓይን የሚያምር፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ባለሙያ ሲሏት ግን ማንም ማስረጃ አምጪ አላላትም። እኔ በወጣትነቴ የምኮራው በቢሮው ባለሙያነት ብቻ ነበር። የእናቴን ዓይነቱን፣ እውነት ለመናገር፣ ንቄው ነበር። ኪሮሽማ የሥራ ፈት ሥራ ነው እል ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሰኔ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው እነዚያ ሳምንታት ምን እንደሚመስሉ ያውቃል። ደጁ ዝናብ፣ ውስጡ ወረቀት። አንድ ዓመት ሒሳቡ በ90 ብር አልገጥምም አለ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል እኛ የምንጠረጥረው ነገር አለ፤ አንድ ቦታ ቁጥር ተገለባብጦ ተጽፏል ማለት ነው። ሦስት ቀን አመሸን። በመጨረሻ 450 መሆን የነበረበት 540 ተብሎ ተገኘ። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ምንም አላለችም። መሳቢያዋን ከፍታ መርፌና የክር ኳስ አወጣች። «ነይ ይቺን ያዢ» አለችኝ። «እዚህ ላይ ስትሳሳቺ ጎትተሽ ትፈቺዋለሽ። ኦዲተር አይመጣብሽም።»

እውነቷን ነበር። በኪሮሽ መርፌው ላይ የምትቀረው ቀለበት አንዲት ብቻ ናት። እሷን አውጥታችሁ ክሩን ብትስቡት የሰዓታት ሥራ እንደ ውኃ ይፈሳል። ያማል፣ ግን ክሩ አይጠፋም። እንደገና ትጀምራላችሁ።

ደግሞም ቁጥር ለሚወድ ሰው ጥሩ ነገር አለው። አጭር በሚባለው ስፌት ክብ ዳንቴል ስትሠሩ መጀመሪያ 6 ስፌት ትሠራላችሁ። ቀጥሎ 12፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24። በየዙሩ 6 ከጨመራችሁ ዝርግ ሆኖ ይሄዳል። ካነሰ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከበዛ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። እኔ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ወሬ ይዤ መጨመሩን ረሳሁት። ዳንቴል ልሠራ ቆብ ወጣኝ። ባልደረባዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ለልጇ ወሰደችው። ልጁ ሁለት ክረምት አደረገው። በእጄ ሠርቼ ለሰው የሰጠሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ እሱንም በስህተት።

ያኔ ክር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ያረጀ ሹራብ እንተረትራለን። ክሩን አጥበን፣ ጫፉ ላይ ከበድ ያለ ነገር አንጠልጥለን እናደርቀዋለን፤ ጥምዝምዙ ይለቃል። እናንተ ዛሬ የፈለጋችሁትን ቀለም ታገኛላችሁ። ነገር ግን አንዷ ልጅ ኪሮሽ ጀምራ ሳምንት ሳይሞላት «ለምን ቢዝነስ አታደርጊውም? ቲክቶክ ላይ ልቀቂውና ሽጪው» ይሏታል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። የአንድ ቤት ሙሉ የሶፋ ዳንቴል በትእዛዝ ተቀበልኩ። አዛዧ የመረጠችው ቀለም ዓይኔን ያመኝ ነበር። ማታ ማታ እየደወለች «አልደረሰም?» ትለኛለች። ስጨርስ፣ ልማድ ነውና፣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የክሩን ዋጋ ያዝኩ፤ የፈጀብኝን ሰዓት በደመወዜ መታሁ። በዚያ ዋጋ ማንም ጤነኛ ሰው አይገዛውም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት መርፌ አልነካሁም።

በዚህ ሥራ ልጆቿን የምታሳድገውን ሴት አከብራለሁ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፣ ኪሮሽን ግን በደንብ የሚሠራ ማሽን የለም። ስለዚህ ገበያ ላይ ስታገኙት የሆነች ሴት ጎንበስ ብላ እንደሠራችው አስቡና አትከራከሩ። እናንተ ግን ሌላ ሥራ ካላችሁ፣ ከምትችሉት ነገር አንዷን ለሽያጭ አታውጧት። ለጓደኛ ብቻ ትሁን።

ወንዶቹ «ይሄ የሴት ነገር ነው» ብላችሁ ማንበብ እንዳታቆሙ። ሽሮ ሜዳ ሂዱ። የምትኮሩበትን የአገር ልብስ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሚሸምነው ማን እንደሆነ እዩና ተመለሱ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ አበባና መልአክ ሥላችሁ ቤት ለቤት ትዞሩ አልነበር? ያን ጊዜ የሥዕሉ እግር ቢጣመም ማን ከለከላችሁ?

ስለ ስጦታ ትንሽ ልበል። የኔ ትውልድ ቲቪ ጀርባ ነበረው። ላዩ ላይ ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል። የናንተ ቲቪ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ለሙሽራ ጓደኛችሁ የቲቪ ዳንቴል ብትሰጧት የት ታድርገው? ቤቷን አይታችሁ ሥሩ። ትኩስ ጀበና የሚያርፍበት ከሆነ ክሩ ጥጥ ይሁን፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል። ለአራስ ልጅ ከሆነ ቀዳዳው ጠበብ ይበል፣ የሕፃን ጣት ይገባበታል። ምግብም ስትወስዱ ጾመኛ መሆን አለመሆኗን ጠይቁ። ረቡዕ ዕለት ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ይዞ ሄዶ ማፈር አለ። ደርሶብኛል።

የኛ ሰው ምግብ ይዞ መሄድን ያውቅበታል። ለቅሶ ቤት እዝን እንወስዳለን። ለታመመ አጥሚት፣ ለአራስ ገንፎ። ለተራው ቀን ግን ስም አላወጣንለትም።

እናቴ ስታርፍ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ፤ እኔም አልፈርድም። አንድ ማክሰኞ ያቺ ባልደረባዬ የገብስ ዱቄትና ቅቤ በፌስታል ይዛ መጣች። ምን ላምጣልሽ ብላ አልደወለችም። ቀጥታ ማድቤት ገባች። ውኃው ሲፈላ ከላዩ ቀንሳ በጎን አስቀመጠች፣ ዱቄቱን ጨመረች፣ በማማሰያ እያሸች የቀነሰችውን ውኃ ጥቂት በጥቂት መለሰችበት። ጓል ያለው ገንፎ ገንፎ አይደለም ትላለች። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውንና በርበሬውን ሞላችው።

«አልበላም» አልኳት። «እኔ ግን ርቦኛል» አለችና ጀመረች። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ እየቆረስን ወደ መሐል ስንመጣ በኔ በኩል ግድቡ ተናደና ቅቤው ሁሉ ወደኔ ፈሰሰ። «ሌባ!» አለችኝ። ከለቅሶው ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። አይዞሽ አላለችኝም። ሰሐኖቹን አጥባ ሄደች።

ጣሳውን ሳልነግራችሁ። በዚያ የ90 ብሩ ሰኔ ዳቦ ቆሎ ያመጣችልን በዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። እናቴ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትል ስለነበር የሱፍ ፍሬ ሞልቼ መለስኩት። እሷ በሶ ጨምራ መለሰችልኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ጽሑፉ ተፍቋል። ክዳኑ ስለጠፋ በኪሮሽ ሠርቼ አሰርኩለት፤ በዚህኛውስ ቆጥሬ ነው።

አሁን እኔ ጋ ነው። ዳቦ ቆሎ ልሠራላት አስቤ በርበሬዬ አልቆብኛል፣ አዲሱ ገና ፀሐይ ላይ ነው። ትናንት ደወለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ ጠይቃ ልትዘጋ ስትል «ለመሆኑ ጣሳዬስ?» አለችኝ።

ጣሳዬ! ቤቴ ለአሥር ወር ተቀምጦ የሚያውቅ ጣሳ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።