መስታወቱ በሙሉ ሳይሆን አንዷ ጣት ስር ብቻ ቫይብሬት እንዲያደርግ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የምትማር አንዲት እህቴ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ ማየት ለተሳናት አክስቷ ብሬል በጣት የሚነበብበት መስታወት እየሰራች ነው፣ ለስድስቱ የብሬል ነጥቦች ስድስት ጣት ያርፍበታል፣ ከስሩ ከአሮጌ ሞባይል የወጡ ስድስት ቫይብሬተሮች ለጥፋለች፣ ግን አንዱን ስታስነሳው ስድስቱም ጣት ላይ እኩል ይሰማል። «ጋሼ ችግሩ ሞተሩ ነው ኮዱ?»

ሁለቱም አይደለም እህቴ፣ ችግሩ የሞገዱ ርዝመት ነው፣ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ ያለው ርቀት ማለት ነው። የሞባይል ቫይብሬተር 200 ሄርዝ (በሰከንድ 200 ንቅናቄ) አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ጣታችንም በጣም የሚሰማው ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ያለውን ስለሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን በዛ ፍጥነት 1 ሚሊ መስታወት ላይ የሚሄደው ሞገድ ርዝመቱ 22 ሳንቲ ገደማ ነው። ሞገድ ደግሞ ከርዝመቱ ግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ያንቺ ስድስት ጣት በሙሉ አንዱ ሞገድ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው። አንድ ጣት ብቻ ቢነካው ችግር አልነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይፎን 7 ሆም በተኑ አይጫንም፣ የሚንቀጠቀጠው ስልኩ ነው ግን የተጫንሽ ይመስልሻል። ለብሬል ግን የትኛው ጣት እንደሆነ መለየት አለበትና ይሄ አያዋጣሽም።

መፍትሄው ሄርዙን ከፍ ማድረግ ነው። 20 ሺህ ሄርዝ ላይ በዛው 1 ሚሊ መስታወት ሞገዱ 2.2 ሳንቲ ይሆናል፣ ግማሹ 1.1 ሳንቲ፣ ይሄ ለጣት ይበቃል። 4 ሚሊ የመስኮት መስታወት ከሆነ ግን ግማሹ ራሱ 2.2 ሳንቲ ስለሆነ ጣቶቹ ይደባለቃሉ፣ ንክኪው (ተች) የማይሰራ የታብሌት መስታወት ፈልጊ። እንዳትቆርጪው እንዳትበሺው፣ የጠነከረ መስታወት ነው ይፈረካከሳል። 20 ሺውን ጣት በቀጥታ አይሰማውም፣ ስለዚህ አጭር ምት አድርገሽ በሰከንድ 200 ጊዜ ትደጋግሚዋለሽ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዴት ይሰበሰባል? ክብ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተሽ መሃሉን በጣትሽ ነካ አድርጊው፣ ሞገዱ ጠርዝ ደርሶ ይመለስና መሃል ላይ ጉብ ይላል። መስታወትሽ ግን ክብ አይደለም፣ ስለዚህ መመለሻውን አንቺ ነሽ የምትሰሪለት። ቫይብሬተሮቹን አንሺና ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትናንሽ የፒዞ ዲስኮች ለጥፊ፣ ፒዞ ድምጽ ማውጣትም መስማትም ይችላል። ከዛ አንዷ ነጥብ ላይ ከብስክሌት ኩሽኔታ የወጣች ትንሽ የብረት ኳስ ከ2 ሳንቲ ከፍታ ጣይባት፣ ዲስኮቹ የሰሙትን በአንድ ጊዜ ቅጂ፣ ቅጂውን ኋላውን ወደ ፊት ገልብጪውና በዛው በየዲስኩ መልሰሽ አጫውቺው። መጨረሻ የደረሰው ቀድሞ ይነሳል፣ ቀድሞ የደረሰው መጨረሻ ይነሳል፣ ሁሉም እኩል እዛች ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ለስድስቱም ነጥብ እንዲሁ። በጥፍር ወይም በእስክሪብቶ አትምቺው፣ ለስላሳ ነገር ቀጭኑን ድምጽ አያወጣም።

አርዱዊኖ (ትንሿ በኮድ የምትታዘዝ ሰሌዳ) ለመቅጃ አይሆንም፣ በተለመደው አሰራሩ በሰከንድ 10 ሺህ ጊዜ ገደማ ነው የሚያነበው፣ አንቺ ደግሞ የ20 ሺህ እጥፍ፣ ከ40 ሺህ በላይ ያስፈልግሻል፣ ብዙ መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ (ድምጽ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ) ተዋሺ። ኳሷ ስትወድቅ ፒዞው ብዙ ቮልት ሊተፋ ስለሚችል መግቢያው ላይ ሬዚስተርና ሁለት ዳዮድ አድርጊ፣ አለዚያ ካርዱን ታቃጥይዋለሽ። ስታጫውቺ ደግሞ በአስሮች ቮልት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ በጆሮ ማዳመጫ መውጫ ምንም አይሰማሽም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙጫው ላይ ነው። እኛ ሞባይል ቤት ለዲስፕሌይ የምንጠቀመው ሙጫ ሲደርቅም እንደ ላስቲክ ነው፣ ባለ ስፖንጅ ፕላስተርም እንደዛው፣ ሁለቱም ሞገዱን ይውጡታል። ባለ ሁለት ቱቦውን ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ የሚጠነክረውን ሙጫ፣ በስሱ ቀቢና እስከ ነገ ተይው።

ሌላው፣ ጣት ራሱ ሞገድ ይበላል፣ ስለዚህ ስትቀጂ የቀሩት አምስት ጣቶች መስታወቱ ላይ ይረፉ። ቅዝቃዜና ሙቀትም የሞገዱን ፍጥነት ይቀይራል፣ ጠዋት የቀዳሽው ቀን ሲሞቅ ከደከመብሽ እንደገና ቅጂ። ስድስቱን በአንዴ አትጀምሪ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ሰርተሽ አክስትሽን «የትኛው ጣትሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት፣ ሃያ ጊዜ አቀያይረሽ ስንቱን እንዳወቀች ጻፊና ላኪልኝ፣ ከሱ ተነስተን ዲስክ እንጨምር ወይስ ቦታ እንቀይር እናያለን።