ባለ አንድ ወይስ ባለ ሦስት ቀዳዳ የቴስታታ ጋስኬት?

የናፍጣ ሞተር ጋስኬት (በብሎኩና በላይኛው ክዳን በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ስትመርጥ ባለ ሦስት ቀዳዳውን «ጠንካራ ነው» ስላሉህ ብቻ አትግዛው። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሚያመለክቱት ውፍረቱን ነው፤ በአብዛኛው ቀዳዳው ሲበዛ ጋስኬቱ ይወፍራል። የትኛው እንደሚሆንህ የሚወስነው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል ወጣ እንደሚል ነው።

ብሎኩን ከድሮው ጋስኬት ቅሪት አጽዳ። ዲያል ጌጁን (ባለ መርፌ መለኪያውን) ብሎኩ ላይ ዜሮ አድርግና ፒስተኑን ከቢየላው ጋር በሚያያይዘው ፒን መስመር ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ ለካ። ከመስመሩ ውጪ ከለካህ ፒስተኑ ስለሚያዘነብል ንባቡ ያሳስትሃል። ሁሉንም ፒስተኖች ለካና ትልቁን ቁጥር የሞተሩ ማንዋል ሰንጠረዥ ላይ ፈልገው።

ከሚገባው ከቀጠነ ፒስተኑ ቫልቭ ሊመታ ይችላል። ከወፈረ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ በብርድ ማስነሳት ያስቸግርሃል።

አደራ፣ የወጣውን ጋስኬት ቀዳዳ ቆጥረህ ያንኑ አትድገም። ባረጀ ሞተር ላይ ከአንተ በፊት የፈታው ሰው ያገኘውን አስገብቶ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የብሎኩም የላይኛው ገጽ ሬክቲፋይ ተደርጎ (ተልጎ) ከሆነ ፒስተኑ ከድሮው የበለጠ ይወጣል። ቴስታታው ብቻ ከተላገ ግን ይህ ልኬት አይለወጥም፤ ያኔ የቫልቮቹን ጥልቀት (ከቴስታታው ገጽ ምን ያህል ገባ እንዳሉ) አስለካ።

የቴስታታ ቡሎኖቹ በዲግሪ (በመዞሪያ ማዕዘን) የሚጠብቁ ከሆኑ አዲስ ግዛ፤ አንዴ ስለተሳቡ ዳግመኛ በደንብ አይዙም።