ኪሴ ውስጥ የነበረው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ አንዲት ወጣት አስጎብኚ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ባሌ ላይ የአስጎብኚዎች ስብሰባ አለብን። በዚያው ቀን ትራውት የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ እንግዶች አብረሽን ውረጂ ብለውኛል። ጠዋት ወንዝ፣ ከሰዓት አዳራሽ ብል አይሆንም?» አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት በአጭሩ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እኔም አንድ ጊዜ ልክ እንደሷ ብዬ ነበርና።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐረር ውስጥ የምናስጎበኝ ጥቂቶች ነበርን። አንዱ ጓደኛችን ክረምት ላይ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ እንግዳ እየመራ ሳለ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አዳለጠውና እግሩ ተሰበረ። ስድስት ወር ቤት ዋለ። ደመወዝ የለ፣ ኢንሹራንስ የለ፤ ልጆቹን ያበላነው አዋጥተን ነው። ተኝቶ ሳለ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፦ አስጎብኚ ሁሉ ከሚያገኘው ላይ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ እንደ እድር ያለ መረዳጃ እናቁም የሚል። ባሌ ሮቤ ላይ የአስጎብኚዎች ስብሰባ መኖሩን ስንሰማ ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። «ድምፅህ ጥሩ ነው፣ አንተ አንብብልኝ» አለኝ።

በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ አድርጌ ሁለት ቀን ተጉዤ ዲንሾ አደርኩ። ሮቤ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ አንድ ሽማግሌ ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ ስለ ወይብ ወንዝ አወሩኝ። ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ ስለሚወድ ደጋው ተስማማው። የእኔ ተራ ከምሳ በኋላ ስለነበር «እስከ 6 ሰዓት እመለሳለሁ» ብዬ ንጋት ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።

እኔ ዓሣ የማውቀው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ልጅ ሆነን መርፌ አጣምመን፣ በክር አስረን እንጥል ነበር። በኋላ ያ ሐይቅ ለመስኖም ለከተማም ውሃው ሲሳብ፣ ደለልም ሲሞላው ደረቀ፤ ጀልባ የሄደበት ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ወይብ ላይ ግን የማውቀው ሁሉ አልሠራም። ሽማግሌው ከታች ወደ ላይ እንድንሄድ አደረጉኝ፤ ዓሣው ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው መቅረብ ነው። ጥላዬ ውሃው ላይ ሲያርፍ እጄን ይዘው ጎተቱኝ። መንጠቋቸው ላይ ያለችው ላባ የታሰረባት ነገር ዝንብ ትመስላለች። ፀሐይዋ ደምቃ ሳለች ምንም የለም። ልክ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ሰማዩ ደመነ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ውሃው በየቦታው ክብ ክብ መሥራት ጀመረ። የሮቤው ሚኒባስ ከመንገዱ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ሰማሁ።

አልተነሣሁም። መኪና አምልጦኝ አይደለም፣ መንገድ ተበላሽቶም አይደለም። ሰምቼ ነው የቀረሁት።

ከዚያ በኋላ አራት ያዝኩ። ትንሿን ልለቅ ስል ሽማግሌው «መጀመሪያ እጅህን አርጥብ» አሉኝ፤ ደረቅ እጅ ገላዋ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፈዋል፣ ከዚያ በሽታ ይገባባታል። ወደ ውሃው ጎንበስ ብዬ ያዝኳት። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሮቤ የደረስኩት ሲመሽ ነው። መርሐ ግብሩ ተቀይሮ ተራዬ ጠዋት ሆኗል፤ ስሜን ሁለቴ ጠርተው፣ ሐረር የለም ብለው አልፈዋል። የመረዳጃው ነገር አልተነሣም።

እናንተ የዛሬ ልጆች በቋንቋም በእውቀትም ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ይሄን ደስ ብሎኝ ነው የምለው። ግን ስብሰባን አበል የሚቀበሉበት፣ ፎቶ የሚነሡበት አድርጋችሁታል። ዝም ማለትም ከብዷችኋል። ወንዝ ዳር ስልክ የሚያወራ አስጎብኚ ሳይ ያመኛል።

«እስከ ቀትር» የሚባል ዓሣ ማጥመድ የለም። ትራውት ምግቡን በደህና የሚፈልገው ማለዳና ወደ ማታ፣ ወይም ሲደምን ነው፤ ሰዓቱን የምትቆርጡት እናንተ አይደላችሁም። ወንዙን ለሌላ ቀን አድርጉት።

ይህን ብዬ ደግሞ ያን ቀን ልፋቀው ብል አልችልም። ከዚያ በፊት እንግዳ ስመራ ፊት ፊት እየሄድኩ የማወራ ሰው ነበርኩ። ሽማግሌው ጥላዬን ከውሃው ላይ ካነሡ ወዲህ ግን ማታ ጅብ ሲበላ ላሳይ ስወጣ ከእንግዳው ጀርባ እቆማለሁ፣ ባትሪዬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ የቀረሁበት አዳራሽ ሳይሆን ወንዙ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አስታርቄያቸው አላውቅም።

ሐረር ስመለስ ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። አልጋው ላይ ሆኖ ሰማኝ። ቀጥሎ «ዓሣው ትልቅ ነበር?» አለኝ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ወረቀቱን ዘረጋው። ወንዙ አርሶት፣ ኪሴ ውስጥ ደርቆ ተጨማድዷል፣ ከመካከል ሦስት መስመር ቀለሙ ፈስሷል። «እስክሪብቶ ስጠኝ» አለና የጠፉትን መስመሮች ከላይ ደግሞ ጻፋቸው።

እሱ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፤ መረዳጃውም አሁን ድረስ የለንም። አንቺ ልጄ፣ ወደ ባሌ ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን ሐረር ውጪ። ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ ቡና እጠጣለሁ፤ መጥተሽ ውሰጂው።