ባሌ ክለብ እንደቀየረ የምሰማው ከሰው ነው

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የምኖር አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ የደብረ ሲና ልጅ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አጎቱ ካናዳ ወሰደው፣ እዚያው አድጎ በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት የአይስ ሆኪ ተጫዋች ሆነ። አሁን 31 ዓመቱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ኢሲኤችኤል በሚባል ሊግ ይጫወታል። ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን፣ የአራት ዓመት ልጅም አለን። በእነዚህ ዓመታት ስድስት ክለብ ቀይሯል። ክረምት ይመጣል፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ይሄዳል። በየዓመቱ ‹ይሄ የመጨረሻዬ ነው› ይለኛል። ባለፈው ጥር ስልኩን ሦስት ቀን ዘጋ። ወደ ሌላ ከተማ ክለብ እንደተላከ የነገረኝ የአጎቱ ልጅ ነው። እናቴ ‹በየቦታው የሚባረር ሰው አንድ ነገር ቢኖርበት ነው› ትላለች። እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ጨዋታውን ተወው ልበለው ወይስ እኔው እሱን ልተወው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ስድስቱ ክለብ አይደለም። ሦስቱ ቀን ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ በመጀመሪያ ግን የእናትሽን ጥርጣሬ እናንሳ።

በሰሜን አሜሪካ ስፖርት ክለብ መቀየርና መባረር አንድ አይደሉም። ክለቡ ተጫዋቹን ሳያማክር ለሌላ ክለብ በልውውጥ ሊሰጠው ይችላል። ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ከላይ የሚመጣ ግፊት አለ። በትልቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ አንድ ሰው ሲጎዳ ከሥሩ ካለው ከኤኤችኤል ተተኪ ይጠራል። የዚያን ቦታ የሚሞላው ደግሞ ከኢሲኤችኤል ሊመጣ ይችላል። የተጎዳው ሲያገግም ሁሉም በተራው ይወርዳል። ስለዚህ ባልሽን ያንቀሳቀሰው ፈጽሞ የማያውቀው ሰው የጉልበት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ማይክ ሲሊንገር የተባለ ካናዳዊ በኤንኤችኤል የ12 ክለቦችን ማሊያ ለብሷል፤ ይህ ክብረ ወሰን ነው። ከ1,000 በላይ ጨዋታ አድርጓል። የማይረባ ሰው ቢሆን 12 ክለብ ባልፈለገው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ልጁ ኮል በኮሎምበስ ከተማ በተወለደ በሁለት ወሩ፣ አባትየው በልውውጥ ለዳላስ ተሰጠ። በዚያው ቀን ዳላስ ደግሞ ለፊኒክስ አሳልፎ ሰጠው። አራስ ቤት እያለ ማለት ነው! በትልቁ ሊግ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለው ባልሽ ምን ያህል የመምረጥ ዕድል እንዳለው አስቢው።

የሱ ሊግ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 72 መደበኛ ጨዋታ አለው። ደሞዙ በሳምንት የሚታሰብ ነው፣ ክለቡም መኖሪያ ቤት ይሰጣል። ውድድሩ ሲያልቅ ግን ደሞዙም ያልቃል። አንቺ ጋ የሚመጣው ገቢው በቆመበት ወቅት ነው። «የመጨረሻዬ ነው» የሚልሽ ሰውነቱ ሲደክም ይመስለኛል፣ በዚያ ሰዓትም ከልቡ ነው። ከዚያ ሐምሌ ላይ አንዱ ክለብ ሲደውል፣ የሚፈልገው ሰው መኖሩ ያሸንፈዋል። በሰው አገር ልጅ ሆኖ ራሱን ሰው ያደረገው በዚህ ጨዋታ ነው። መተው ለሱ ሥራ ከመልቀቅ በላይ ነው።

እስካሁን ለሱ ተከራከርኩ። አሁን ላንቺ።

ስልክ መዝጋቱ ልክ አይደለም። ምክንያቱ ሐፍረት ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅ የከፋውን በሆዱ ይያዝ ተብሎ ነው እኛ አገር የሚያድገው፣ የእናትሽም ወሬ ደርሶት ይሆናል። ይህ ድርጊቱን ያስረዳል እንጂ ትክክል አያደርገውም። በደሴ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ያገባች ሴት ባሏን ብዙ ሌሊት አታገኘውም። ግን ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ነገ ሚሌ እንደሚያድር ታውቃለች። አንቺን የጎዳሽ ይህን አለማወቅ ነው። የቤተሰብ ተመራማሪዋ ፓውሊን ቦስ እንዲህ ያለውን ሁኔታ፣ ሰውየው በልብ እያለ በአካል የሌለበትን፣ ለረጅም ጊዜ አጥንታለች። ሐዘን አይባል፣ ሰላምም አይደለም። ጥርጣሬ የሚያድገው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ስለጠረጠርሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ሌላም ልትጠይቂው የሚገባ ነገር አለ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? በአይስ ሆኪ ግጭት ብዙ ነው። የጭንቅላት ግጭት እንቅልፍ ያዛባል፣ ያበሳጫል፣ ከሰው ያርቃል። ዝምታው ከዚህ ጋር ከተያያዘ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፣ ሽምግልና አይፈታውም።

«ተወው ልበለው ወይስ ልተወው» ላልሽው፣ አሁን ሁለቱንም አልመክርሽም። አንቺ አስገድደሽው ከተወ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተቀምጦ በከፋው ቁጥር ተጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ይልቅ በውሳኔው ውስጥ ቦታሽን ጠይቂ። ክለብ በቀየረ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ካንቺ በፊት ማንም እንዳይሰማ። መናገር ካቃተው ሁለት ቃል ይጻፍልሽ። ዘንድሮ ሲመጣ ደግሞ የሚቀጥለውን ውል ከመፈረሙ በፊት ተቀመጡ። እስከ ስንት ዓመቱ ሊጫወት ያስባል? ደሞዝ ለማይከፈልበት ጊዜ ስንት ይቀመጣል? ከዚያ በኋላ ሥራው ምንድን ነው፣ የምትኖሩትስ የት ነው? የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍሩት። ይህን ንግግር በስልክ አታድርጊው። በመጣ በመጀመሪያው ሳምንትም አታንሺበት፣ ይረፍ።

ለልጃችሁ «ነገ ይመጣል» አትበዪው። የአራት ዓመት ልጅ ነገን ይጠብቃል። ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ስቀዪለት፣ ያለፈውን ቀን አብራችሁ ሰርዙ።

እናትሽን በተመለከተ፣ የምትናገረው ስለምትሳሳልሽ ነው። ቢሆንም እስክትነጋገሩ ድረስ ነገሩን ወደሷ አታምጪው። እሱ ለመነጋገርም ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ያኔ ጥያቄሽ ሌላ ነውና መልሰሽ ጻፊልኝ።