ስምንት ጠርሙስ ወይስ ሦስት? ከራሴ ፊት የተማርኩትን ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ደግሞ አዘንኩ። «እቁብ ደርሶኛል። ብጉር ፊቴ ላይ ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክት ለማጥፋት ስምንት ዕቃ ያለውን የኮሪያ የፊት ቅባት ስብስብ ልገዛበት ነው። ጠዋትና ማታ ይህን ሁሉ መቀባት ድካሙና ብሩ ያዋጣል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ከዓመታት በፊት ይችኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። የጠየቅሁት ግን የሚሸጥልኝን ሰው ነው። መልሱን መገመት አያቅትሽም።

አጭሩን ከፈለግሽ፣ አያዋጣም። ከስምንቱ ሦስቱ ያዋጣሉ፦ የፊት መታጠቢያ፣ ክሬምና ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ አራተኛ የሚያስፈልግሽ የተለየ ችግር ካለብሽ ብቻ ነው። ረጅሙን ከፈለግሽ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

እኔን የጀመረኝ በኮሮና ጊዜ ነው። 2012 ላይ ቢሮአችን ከቤት ሥሩ አለን። ስወጣ ማስክ አደርጋለሁ፤ አገጬ በብጉር ተሞላ። ቤት ስገባ ስልክ ላይ እጣዳለሁ። አንዷ ኮሪያዊት አሥር ነገር በተርታ ትቀባለች፤ ፊቷ እንደ መስታወት ያበራል። መብራቱን አላሰብኩም፣ ፊልተሩን አላሰብኩም። ልጅቷ ገና ሃያ እንዳልሞላትም አላሰብኩም። የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ከዱባይ የመጣች ዘመዴ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሁለተኛውን በቴሌግራም አዘዝኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ ዕቃ ተሰልፎ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ኤሰንስ የሚባለውን እንደ ውሃ የቀጠነ ቅባት አንስታ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ስንት ነው?» አለች። ሦስት ሺህ ብር ነበር። አንድ ዜሮ አውልቄ «ሦስት መቶ» አልኳት። «ለሦስት መቶ ብር ውሃ?» ብላ ወጣች። አሁን ሳስበው ከሁላችንም የገባት እሷ ነበረች።

ብሩን እንዳትረሺ። ያኔ ዶላር በባንክ ከ50 ብር በታች ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ያኔ የከሰርኩትን አንቺ ዛሬ በእጥፍና ከዚያ በላይ ትከስሪያለሽ። ሰዓቱም አለ። ጠዋት ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ማታ ሠላሳ አምስት። አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይጠብቃል። በቀን አንድ ሰዓት ነው እንግዲህ፤ እኔ ደግሞ ለታክሲ ሰልፍ ሁልጊዜ እንዳረፈድኩ ነኝ።

ፊቴስ? የመጀመሪያው ወር ላይ በእርግጥ ወዝ አለው፤ ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኛል። ስድስተኛው ወር ላይ ውሃ እንኳን ሲነካኝ ማቃጠል ጀመረ። ጉንጬ ያብለጨልጫል፤ ቀረብ ብለሽ ስታይው ግን እንደ ስስ ላስቲክ ይጨማደዳል። ብጉሩ ከአገጬ ወደ ግንባሬ ወጣ። እኔ ምን አደረግሁ? ለማቃጠሉ ሌላ ሴረም፣ ማለትም በጠብታ የሚቀባ ፈሳሽ፣ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።

በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዘጠኙንም ዕቃ በፌስታል አድርጌ ነበር የሄድኩት። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸውና ጀርባቸውን አነበበች። ሁለቱ ውስጥ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን የሚልጥ አሲድ አለ። አንዱ ሬቲኖል፣ ማለትም የቪታሚን ኤ ዓይነት ነው። አንዱ ቪታሚን ሲ። በዚያ ላይ በሳምንት ሦስቴ ስክራብ እፈትጋለሁ። «ቆዳሽ በሽታ የለበትም፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። ያዘዘችልኝ አዲስ መድኃኒት የለም። ስድስት ሳምንት ሁሉንም አቁሚ አለችኝ። ማታ ለስላሳ የፊት መታጠቢያ፣ ጠዋት ውሃ ብቻ፣ ሽታ የሌለው ተራ ክሬም፣ ቀን ሰንስክሪን። በቃ።

በሁለት ሳምንት ማቃጠሉ ተወኝ። በስድስተኛው ሳምንት ብጉሬ ግማሽ ሆኗል። ግማሹ ብጉር እኔው ገዝቼ ያመጣሁት ነበር ማለት ነው። ይህን ለመቀበል ከሁሉም በላይ ከበደኝ። ከባንክ ደብተሬ ጋር እያያያዝኩ ስንት ሌሊት አሰብኩበት።

አሁን ስለ ሦስቱ። መታጠቢያው ርካሽ ይሁን፣ ዝም ብሎ አረፋው አይብዛ። ፊትሽ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነው፤ ወደ ቧንቧ ለሚሄድ ነገር ሺህ ብር አይወጣም። ታጥበሽ ስትጨርሺ ፊትሽ ከተወጠረ ከባድ ነው፤ ቀይሪው። የገላ ሳሙና ለብዙዎቻችን ፊት የሚከብደውም ለዚህ ነው። የቆዳችን አሲድነት ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል።

ክሬሙ ላይ እናቶቻችን ቀድመውናል። እኔ ያደግሁት ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነው እየቀቡኝ ነው። በኋላ የውዱን ክሬም ዝርዝር ሳነብ ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ግሊሰሪን። ውሃ ይስባል፤ ሥራው ያው ነው። ቫዝሊን ደግሞ ውሃው ከቆዳ እንዳይወጣ ይከድናል፤ ከዚህ የተሻለ ክዳን የሚያቀርብ ውድ ክሬም ማግኘት ይከብዳል። ፊትሽ ወዛም ከሆነ ግን ቫዝሊኑን ለከንፈርና ለእጅሽ ተይው፤ ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃሻል። እርጥብ ፊት ላይ ተቀቢው። ይቺ ብቻዋን የአንድ ሴረም ሥራ ትሠራለች።

ሰንስክሪኑ ላይ ግን ልቆይ፤ ብርሽን የምታወጪበት ቦታ ካለ እዚህ ነው። «እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚለውን ሁላችንም ብለናል። ሜላኒን በእርግጥ ይጠብቀናል፤ እንደ ፈረንጅ ቶሎ አንቃጠልም። ብጉር ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክትና ማድያትን የሚያጠቁረው ግን ያው ፀሐይ ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ስኪንኬር የምንገባው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው። ማታ በሦስት ሴረም እያጠፋሽ ቀን ፀሐዩ መልሶ ይጽፈዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ስትወጪ ጎጂው ጨረር ወደ አሥር በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም። ጨረሩ ከሙቀት ጋር አይገናኝም፤ ጃኬት ለብሰሽም ፊትሽ ይመታል።

አሁን የኔን ጅልነት ስሚ። ሰንስክሪን ነበረኝ እኮ። 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ፣ ስምንት ወር ቆየኝ። በቁጠባዬ ኮርቼ ለሐኪሟ ነገርኳት። እሷ ሒሳቡን ሠራችልኝ። ለፊት ብቻ በአንድ ጊዜ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያስፈልጋል፤ በሁለት ጣት ርዝመት ብታወጪው ማለት ነው። ይሄ አንድ ሚሊ ሊትር ከሩብ ገደማ ነው። በቀን አንዴ ብትቀቢው ቱቦው ከአርባ ቀን አያልፍም። ስምንት ወር ከቆየኝ ተቀብቼው አላውቅም ማለት ነው፤ አሽትቼው ነው። ስለዚህ ስትገዢ የአርባ ቀን ወጪ አድርገሽ አስቢው። በየአርባ ቀኑ መግዛት የማትችዪውን ውድ ሰንስክሪን አትጀምሪ። ቱቦው ላይ ኤስፒኤፍ ተብሎ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥርም አያሳስትሽ። ኤስፒኤፍ 30 የሚያቃጥለውን ጨረር ወደ 97 በመቶ ይከላከላል፤ 50 ወደ 98። ልዩነቱ በዋጋው ላይ እንደሚታየው አይደለም።

ፊትን አመድ የሚያስመስለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማድያት ካለብሽ ቀለም ያለውን ፈልጊ፤ ወደ ቡኒ የሚያደላውን። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ማድያትን የሚያብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል። አመዱም ይቀራል። ካልተገኘ ጥላ ያዢ። አክስቴ በጋውን ሙሉ ያለ ጥላ ከቤት አትወጣም፤ እንስቅባት ነበር። ስድሳ ዓመቷ ነው፣ ፊቷ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ የለም።

አራተኛዋ ዕቃ የፋርማሲ ቱቦ ናት። ከስድስቱ ሳምንት በኋላ ለቀረው ብጉር ለእኔ የታዘዘልኝ ከሬቲኖል ቤተሰብ የሆነ ጄል ነው። ትሬቲኖይን የሚባለው የዚህ ቤተሰብ አባል አሜሪካ ውስጥ ለብጉር የተፈቀደው በ1971 በፈረንጆቹ ነው፤ አያቶቻችን የሚያህል መድኃኒት ነው። ከገዛኋቸው ሴረሞች የአንዱን ሲሶ ያህል ነው የከፈልኩበት። የመጀመሪያው ወር ፊቴ ተላጠ፣ ብጉሩ ባሰ፤ ልተወው ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ ነው ያየሁት። ቆዳ ራሱን ለመተካት አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ «በሰባት ቀን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ እለፊው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን ይህን ቤተሰብ በሙሉ አትንኪ። ሐኪም ሳታዪም አትጀምሪ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው የብጉር መድኃኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ በነጭ ፎጣ ተጠቀሚ፤ የጨርቅ ቀለም ያነጣል። ሰማያዊው ፎጣዬ ላይ የአፍሪካን ካርታ ስሎበት ቀርቷል።

የቀረውን ቶሎ ልለፍ። ቶነር የሳሙና ትራፊ ለማንሳት የመጣ ነገር ነው፤ መታጠቢያሽ ለስላሳ ከሆነ ሥራ የለውም። ቪታሚን ሲ ይሠራል፤ ብርሃንና አየር ግን ቶሎ ያበላሹታል። የኔው በሻንጣ ተጉዞ፣ መስኮት ሥር ቆሞ፣ በሁለተኛ ወሩ የሻይ ቀለም ያዘ። እኔም ብሩ አንጀቴን በልቶኝ ሻዩን ተቀባሁት። የወረቀት ማስኩ ያቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል፣ ያልቃል። ኤሰንስን እናቴ ጨርሳዋለች።

«ታዲያ በቤት ውስጥ ነገር ልሥራ?» እንዳትዪኝ። ማርና አቮካዶ አይጎዱም፤ ልብላው የሚል ሰው ቤት ካለ ያልቁብሻል እንጂ። ሎሚ ግን ይቅርብሽ። በዚያው በፒኤች መለኪያ 2 አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ፊትን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይጥላል። ልታጠፊ የፈለግሽውን ነገር ራሱ ያመጣብሻል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አይቀለኝም። ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠውን ቅልቅል ክሬም አትግዢ። የአጎቴ ልጅ ለሠርጓ ብላ ገዛችው። በሁለት ሳምንት ፊቷ ጠራ፣ ነጣ። ሠርጉ አልፎ ስታቆመው ፊቷ ቀላ፣ አበጠ፣ በብጉር ተሞላ፤ መልሳ ስትቀባው ደግሞ ይረጋል። ለአንድ ዓመት ከዚያ ክሬም መላቀቅ አልቻለችም። ሐኪሟ ውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ እንዳለ ነው የነገራት። ስቴሮይድ ለቆዳ ቁጣ የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹን ያወጣል። አንዳንዱ የማንጫ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪም ይገኛል፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ስምንት ዕቃ ያለው ስብስብሽ ብርሽን ይጨርስ ይሆናል፤ ይሄኛው ፊትሽን ነው የሚጨርሰው። እኔ ብሆን በቅልቅሉ ፊቱ የተበላሸበትን ሰው ሌላ ቅባት ሳያስነካ በቀጥታ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ነው የምልከው።

እዚህ ድረስ ሰድቤ ሰድቤ አንድ ነገር ልመን። ጓደኛዬ ሦስት ልጆች አሏት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ ሃያ ደቂቃ ትቀባባለች። ሰባት ዕቃ አላት። የኔን ታሪክ ሁሉ ታውቀዋለች። «ፊቴ ላይ ለውጥ እንደሌለው አውቃለሁ፤ በሩ ሲዘጋልኝ ግን ማንም እማዬ አይለኝም» ትለኛለች። ለእሷ ያዋጣታል። ምንም ልላት አልችልም። እኔም አንዳንዴ ያ የማታው ሰዓት ይናፍቀኛል፤ ከዘጠኙ ጠርሙስ ሳይሆን ከጸጥታው።

አንቺ ግን የጻፍሽው ስለ ጥቁር ምልክትና ስለ ብር ነው። ስለዚህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከእቁቡ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ካርድ አወጣለሁ። የሦስት ቱቦ ሰንስክሪን ብር ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ክሬም፣ አንድ መታጠቢያ እገዛለሁ። አዲስ ነገር ስትጀምሪ አንድ በአንድ ይሁን፤ መጀመሪያ ጆሮሽ ሥር ወይም ክንድሽ ላይ ለጥቂት ቀን ሞክሪው። ስምንቱን በአንድ ቀን ከጀመርሽ የሚያቃጥልሽ የትኛው እንደሆነ መቼም አታውቂውም።

ስብስቡን ቀድመሽ ከፍለሽበት ከሆነም አትደንግጪ። ውስጡ ያሉትን ዕቃዎች ጀርባቸውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የምትይዣቸውን አብረን እንለያለን። ኤሰንሱን ግን ለእናትሽ አታሳዪያት። ስንት ነው ትልሻለች።